የዘርፌ ዳጉ

ዘርፌ ሞተች አሉኝ። የነገረኝ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። እዚህ ሰመራ፣ በልጄ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣ፣ «ያቺ ድሮ በአዋሽ በኩል ቅጠል ትሰበስብ የነበረችው የአዲስ አበባ ሴትዮ አረፈች አሉ፤ ገዋኔ ላይ ሲያወሩ ሰማሁ» ብሎኝ መኪናው ላይ ወጣና ሄደ። እሱ አያውቃትም። እሷ ይህን በረሃ ስትረግጥ እሱ ገና አልተወለደም። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ልጄ «አባባ፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ። «አለቃዬ ሞተች» አልኳት። «የቷ አለቃህ?» ብላ ሳቀች፤ በሕይወቴ ለማንም አለቃ ተገዝቼ የማላውቅ ይመስላታል። ለሷ በአንድ ትንፋሽ የማይነገረውን ለእናንተ ልንገራችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ የአዋሽ ሸለቆ ጥጥ በጥጥ በሆነበት ዘመን። ለቃሚው ከደጋ ይጎርፋል፣ የወንዙ ዳር በየጊዜው ይታረሳል፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር ሲያጓራ ይውላል። እኔም ያኔ ከደብረ ሲና ወርጄ ሾፌር ሆኜ ነበር። ታዲያ ከአዋሽ ወደ ገዋኔ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ወንዙን ተከትሎ፣ መንግሥት አንድ ቁራሽ ዱር ከለለና «ከእንግዲህ እዚህ ዛፍ አይቆረጥም፣ አውሬ አይታደንም» አለ። እሺ፣ ደግ። ግን ውስጡ ምን እንደበቀለ በቅጡ የሚያውቅ የመንግሥት ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው ዘርፌ የተላከችው። ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቃ ነበር፤ ሥራዋም ዱሩን እየዞረች የትኛው ተክል የአገሩ እንደሆነ፣ የትኛው ከባሕር ማዶ እንደመጣ መለየት ነው። እኔ ደግሞ ላንድሮቨሯን እንድነዳላት ተመደብኩ።

አዋሽ ባቡር ጣቢያ ልቀበላት ስሄድ የጠበቅሁት መነጽር ያደረገ ራሰ በራ ምሁር ነበር። የወረደችው ቀጭን ልጅ ናት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ከእግሯ በጣም የሚሰፋ የወንድ ቦት ጫማ ተጫምታ። «እርስዎ» ብዬ ሻንጣዋን ልቀበል ስል፣ «ተው ባክህ፤ በዕድሜ ትበልጠኛለህ። እኔ ጋሼ እልሃለሁ፣ አንተ ዘርፌ በለኝ» አለችኝ። ዓይኔ ጫማው ላይ መቅረቱን አይታ፣ «የወንድሜ ነው፤ ጥጥ ጠቅጥቄበታለሁ» አለች። በሆዴ «ይቺ ልጅ እዚህ ሙቀት ሳምንት አትቆይም» አልኩ። አይ እኔ!

ሥራዋን ላየ ሰው ጤነኛ አትመስልም ነበር። ያላየችው ተክል ካገኘች መኪናውን ታስቆመኛለች። ቁጢጥ ትላለች። «አንቺስ የማን ነሽ?» ትለዋለች ቅጠሉን። ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ቀጥላ በምላሷ ጫፍ ነካ አድርጋ እንትፍ ትላለች። «አንድ ቀን ትሞችብኛለሽ፣ እኔን ደግሞ ያስሩኛል!» ብዬ እጮሃለሁ። «መራራውንማ እተፋዋለሁ፣ ጋሼ። የምፈራው የሚጣፍጠውን ነው» ትለኛለች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ በርበሬም እኮ መጤ ነው አትለኝም! «ምን አልሽ?» አልኳት። ከባሕር ማዶ ነው የመጣው አለች፤ ባሕር ዛፍም፣ የቁልቋል በለስም እንደዚያው። ባሕር ዛፉንስ ስሙም ያሳብቃል፣ ምንም አላልኩም። በርበሬ ሲነካ ግን ደሜ ፈላ። «በርበሬ መጤ ከሆነ እኔም መጤ ነኛ!» አልኳት። «አንተማ መጤ ነህ፤ ከደብረ ሲና አይደል እንዴ የመጣኸው? እኔም መጤ ነኝ» ብላ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ኮስተር አለችና፣ «መጤ መሆን ነውር የለውም፣ ጋሼ። ነውሩ የመጣው እንግዳ ባለቤቱን ሲያስወጣ ነው» አለችኝ። ይህን አባባሏን እኔ ለልጆቼም፣ ለልጅ ልጆቼም ተናግሬዋለሁ።

ሌላው ጠባይዋ ጽዳት ነው። ቅጠሎቹ እንዳይበሰብሱ ተጠፍጥፈው መድረቅ አለባቸው። ለዚያ የሚሆነው ወፍራም ወረቀት ከአዲስ አበባ ይላካል ተብሎ ቀረ። ጠበቀች፣ ጠየቀች፤ የለም። እሷ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ጥጥ እርሻው ዘንድ ሄዳ አሮጌ ጆንያ ለመነች፤ ቀደደችው፤ ቅጠሉን በጆንያ መሐል በመሐል ደርድራ ሳንቃና ድንጋይ ጫነችበት። እንዴት ያለ ቆንጆ ሥራ! ራሷም ኮርታበት ነበር። ታዲያ ሌላ ቦታ ሰፍረን ባደርን ቁጥር፣ ጠዋት ተነስታ ጆንያውን አንድ በአንድ ታራግፈዋለች፤ በዱላ እየደበደበች፣ አቧራው እስኪያልቅ። «ኧረ ጆንያ እኮ ነው፣ የሙሽራ ልብስ አደረግሽው!» እላታለሁ። «አቧራ ቅጠሌን ያበላሽብኛል» ትለኛለች። እንደሷ ጆንያ የሚያራግፍ ሰው አይቼ አላውቅም።

ዳጉን ያስተማሯት ሁመድ ናቸው። ሁመድ በዚያ ዱርና ወንዝ ዳር ከአባት ከአያት ጀምሮ ከብት ያሰማሩ የነበሩት አፋሮች ሽማግሌ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ «እንደምን ዋልክ» ብሎ ዝም ብሎ አያልፍም። ይቀመጣል። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላል፤ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተጣላ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ዳጉ ይሉታል። ዳጉ ላይ የሚዋሽ ሰው ከሰው አይቆጠርም። በውሸት ወሬ ከብቱን ወደ ደረቅ ምድር የነዳ ሰው መንጋውን ቀብሮ ይመለሳላ፤ ቀልድ አይደለም።

የመጀመሪያ ቀን ሁመድ ከጎበዞቻቸው ጋር ግመል እየነዱ መንገድ ላይ አገኙን። እኔ በሙቀት ልቀልጥ ነው፤ ሞተሩን አላጠፋሁም። እሷ በሩን ከፈተች፣ ወረደች፣ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ሁመድ አዋሽ ገበያ በለመዱት አማርኛ ወሬያቸውን አንድም ሳያስቀሩ ነገሯትና፣ «አንቺስ ምን አየሽ?» አሏት። አሰብ አደረገች። «ከኮረብታው ሥር ያለው ሣር ከላይ አረንጓዴ ይመስላል እንጂ ሥሩን ምስጥ ጨርሶታል። ከብት ይዛችሁ ወደዚያ እንዳትደክሙ» አለች። ጎበዞቹ ሳቁ፤ የሣር ዳጉ የምትነግር የከተማ ልጅ! ሁመድ ግን አልሳቁም። ሰው ልከው አስዩ። እውነቷን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ስሟ «የሣሯ ልጅ» ሆነ። እኛ ቦታውን ሳናስሰው ወሬው ይመጣልናል፤ እዚያ ኩሬ አጠገብ የማናውቀው ቅጠል በቅሏል፣ እዚህ ጥግ ያለው ግራር ደርቋል፣ ኑና እዩ። እሷም ያየችውን ሁሉ ትነግራቸዋለች። ተቀምጣ። አንድም ቀን ቆማ ስትነግራቸው አላየሁም።

በሁለተኛው ዓመት በጋው ሲጠና ክፉ ዳጉ መጣ። ሁመድ ራሳቸው ናቸው ይዘውት የመጡት። መልካው ላይ፣ ከብቶቻቸው ወንዝ በሚወርዱበት ቦታ፣ የማያውቁት ነገር በቅሏል፤ ለጋውን የበሉ ጥጆችም ሞተዋል። በረን ሄድን። እኛ ደጋ ጭጎጎት የምንለው ዓይነት ነው፣ ልብስ የሚይዘው፤ ይሄኛው ግን ፍሬው የጣት ጫፍ ያህላል፣ ዙሪያውን መንጠቆ ነው። ዘርፌ እንዳየችው ፊቷ ተለዋወጠ። «ይሄ የዚህ አገር ተክል አይደለም» አለች። «ጥጥ ማሳው ውስጥ አረም ሆኖ አይቼዋለሁ። እዚህ ማን አመጣው?»

ይህን የሰማው አለቃዋ ከአዲስ አበባ ከተፍ አለ። በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ስለሚመጣ እኔ ስሙን ሙሉ ልብስ ብዬዋለሁ። ሁመድን አንቱ እያልኩ እሱን አንተ ማለቴ ገርሟችሁ ከሆነ፣ አንቱታ በከረባት አይገኝም። ሰውየው ወሬውን ሲሰማ አላዘነም፤ ደስ አለው! ከብቶቹን ከተከለለው ዱር የሚያስወጣበት ሰበብ ሲፈልግ ነው የከረመው። «ግልጽ ነው» አለ። «ከብቶቹ ከለቀማ በኋላ ጥጥ ማሳ ይገባሉ። ፍሬውን በጭራቸው ይዘው መጡ። ወይዘሪት ዘርፌ፣ በባለሙያነትሽ ይህን አረጋግጠሽ ፈርሚልኝ፤ መልካው ይዘጋል።»

መልካው ከተዘጋ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ከታች ያለውን የወንዝ ዳር ጥጡ ወስዶታል። ከላይ ገደል ነው። በዚያ በጋ ለሁመድ ከብቶች የቀረው ውሃ መውረጃ ያ ብቻ ነበር። ተዘጋ ማለት ከብቱ አለቀ፣ ሰዉም ተከተለ ማለት ነው። ዘርፌ አየት አደረገችውና፣ «እርስዎ ያሉት ሊሆን ይችላል። ግን ዞሬ ሳላይ አልፈርምም» አለችው። «ዞረሽ እይ፤ ከሁመድ ሰዎች ጋር ለምናደርገው ስብሰባ ድረሺ» ብሎ አዋሽ ሆቴሉ ገባ።

ዞርን። መልካው ላይ አለ። ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር አለ። እዚህ ድረስ ከብት ነው ቢባልም ያስኬዳል። ከዚያ ድንጋያማው ኮረብታ ላይ ወጣን፤ ላም ቀርቶ ፍየል የሚጨነቅበት ቦታ ነው፣ እኛ እንኳ ለእይታ ብለን አንዴ የሰፈርንበት። እዚያም በቅሏል፤ ጥቅጥቅ ብሎ። ከአረሙ አጠገብ ሦስት ድንጋይ ጠቁሮ ተቀምጧል። የኛው ጉልቻ፣ ሻይ ያፈላንበት።

ዘርፌ ወደ መኪናው ተመለሰች። ከኋላ ጆንያዎቹን ጎትታ አወረደች። አንዱን ገለበጠችው፤ ስፌቱ ውስጥ ፍሬው በመንጠቆው ተሰክቷል። ሌላውን ገለበጠች፤ እዚያም አለ። መልካው፣ ቁርቁራው፣ ኮረብታው፤ ሁሉም እሷ ጠዋት ጠዋት ጆንያ ያራገፈችበት ቦታ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ የዘራሁት እኔ ነኝ» አለችኝ።

«ዝም በይ» አልኳት።

«በእጄ ነው የዘራሁት። በዱላ እየደበደብኩ!»

«ዘርፌ፣ ዝም በይ አልኩሽ! ማን አየ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አትፈርሚ፣ አላወቅሁም በይ፣ በቃ። ይሄ ሰውዬ ይበላሻል። እናትሽን ማን ይጦርልሻል?»

ተቆጥቼ ነበር፣ የምሬን ነው። ስለምወዳት ነው የተቆጣሁት። አባቷ ሞተው እናቷ በሷ እጅ እንደነበሩ አውቃለሁ። እሷ ግን ፍሬውን መዳፏ ላይ አድርጋ እያየችው፣ «እኔ አላወቅሁም ካልኩ እሱ ያውቅላቸዋል። መልካውን ይዘጋዋል» አለች።

ስብሰባው መልካው አጠገብ፣ ትልቁ ግራር ሥር ነበር። ሁመድና ሰዎቻቸው በአንድ በኩል መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ሙሉ ልብስ በሌላ በኩል ወንበር አስመጥቶ ተቀምጧል። ተነሳና ብዙ ተናገረ። ከብቱ ባዕድ አረም አመጣ፣ የተከለለውን ቦታ አበላሸ፣ መልካው ዛሬ ይዘጋል። «ባለሙያዋ ታስረዳችኋለች» አለና ወደሷ ዞረ።

ዘርፌ ተነሳች። አፏን ከመክፈቷ በፊት ሁመድ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ» አሉ። «የመንግሥትን ቃል ሰማን። አሁን ዳጉ እንጠይቅ። አንቺ ዞረሻል። ምን አየሽ?»

እኔ መኪናው አጠገብ ነኝ። «የማርያም ልጅ፣ አፏን ያዝልኝ» እያልኩ ነው። እሷ ወደ ሙሉ ልብስ አየች፣ ወደ ሁመድ አየች። ከዚያ ከወንበሩ በኩል ተሻግራ ሄደችና ሁመድ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። አበቃላት አልኩ።

ነገረቻቸው። ሁሉንም፣ በየቦታው፣ እንደ ወጉ። ኮረብታው ላይ ያገኘችውን፣ ጉልቻውን፣ ጆንያውን፣ ስፌቱ ውስጥ ያለውን። «ከብቶቻችሁ አይደሉም» አለች። «ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጥጆቻችሁም በኔ ነው የሞቱት። ጨረስኩ።»

ሙሉ ልብስ ቀይ ሆኖ፣ «ፀሐይ መትቷታል! ጤና የላትም!» ብሎ ጮኸ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሁመድ ከሽማግሌዎቹ ጋር በአፋርኛ ዝግ ብለው ተነጋገሩ። ከመሐል አንዱ፣ ጥጆቹ የሞቱበት ሰው መሰለኝ፣ በቁጣ ብድግ አለ፤ ሁመድ እጁን ይዘው አስቀመጡት።

«ጥጃ፣ አላህ ካለ፣ ይወለዳል» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ዘርተሽዋል፤ አንቺ ትነቅይዋለሽ። እኛም አብረንሽ እንነቅላለን። የሚጠጣው ከብታችን ነው።»

ሙሉ ልብስ መኪናውን አስነስቶ በረረ። አዋሽ ደርሶ ሌላ ነገር ሊያወራ ነበር ሐሳቡ። ሞኝ! ዳጉን አያውቃትም። እሱ በመኪና፣ ወሬው በግመልና በእግር፣ በባቡርና በጥጥ መኪና። በማግስቱ አውራጃ ግዛቱ ቢሮ ሲገባ ጸሐፊው፣ ዘበኛው፣ በር ላይ የቆመው ባለጉዳይ ሁሉ አረሙን ማን እንዳመጣው ሰምቶ ጠበቀው። ገዋኔ ያሉት ሾፌሮች ሰምተዋል፤ እስከ ሰርዶ መንደርም ደርሷል አሉ። ያንን ሁሉ ጆሮ ይዞ ከብቱ ነው ብሎ መጻፍ አልቻለም። መልካው ሳይዘጋ ቀረ። እሷን ግን አልማራትም። «የመንግሥት ሥራ በቸልተኝነት አበላሽታለች» ተብላ ተሰናበተች።

የስንብቷ ደብዳቤ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ስትነቅል ከረመች። ያ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ቦት ጫማ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ እጇ በመንጠቆ ተቧጭሮ፣ ከአፋር ሴቶች ጋር ጎንበስ ቀና እያለች። የነቀሉትን ያቃጥሉታል። ጥጆች የሞቱበት ሰውዬም መጥቶ ነቀለ፤ ፊቱን ግን አልፈታላትም። እሷም ይፍታልኝ አላለችም።

የምትሄድ ቀን ባቡር ጣቢያ አደረስኳት። ሻንጣዋን ይዤ ቆሜ፣ «መንገድ ላይ ቅጠል እንዳትልሺ» አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን አላማረም። ባቡሩ ሊነሳ ሲል ሁመድ በጣቢያው በር ብቅ አሉ። ከወንዝ ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት፤ አቧራ ለብሰዋል። ዘርፌ ስታያቸው ሰው ሁሉ እያየ የጣቢያው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች። እሳቸውም ተቀመጡ።

ያዩትን ነገሯት። «በላይ በኩል ደመና አለ። ሣር ገና ነው። የኔ ግመል ወለደች፣ አልሐምዱሊላህ። ከብቶቹ ትናንት መልካው ወረዱ። ማንም አልከለከላቸውም። ጠጥተው፣ ጠግበው ወጡ።»

ዘርፌ፣ አይ በረሃ፣ አይ ፀሐይ፣ አይ ሙሉ ልብስ ሳትል የከረመችው ልጅ፣ ይህን ስትሰማ እንባዋ ወረደ። በነጠላዋ ጠረገችው። ተራው የሷ ነበር። ባቡሩ ጮኸ። የጣቢያው ሰውዬ «እሜቴ፣ ይሳፈሩ እንጂ!» አላት። «አንዴ ታገሠኝ፣ ወንድሜ፤ አልጨረስኩም» አለችው።

«ከሥራ ወጥቻለሁ» አለች ለሁመድ። «ጤና ነኝ። እናቴ ጋ እገባለሁ። ከዘንባባዎቹ ጀርባ፣ ውሃው በሚያቁርበት በኩል፣ ጥቂት ሳንነቅለው ቀርቷል። ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው። ሳይደርቅ ንቀሉት።»

«እሺ» አሏት። «የቀረ አለ?»

«አለ» አለች። «ከዚህ አገር መሄድ አልፈልግም ነበር።»

ሁመድ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ፤ እኔ እጇን ይዤ አነሳኋት፣ ሻንጣዋን አቀበልኳት። ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሽማግሌው በመስኮቱ ትይዩ ጥቂት ተራመዱ።

«ወላሂ፣ ሰምተናል» አሏት።